ሙግት፦ ከወሊድ በኋላ ሆድን በኦፕራሲዮን ማስተካከል ይገባል?

ይገባል

«ስፖርት ሥሪ፣ እራት ቀንሺ» የሚለው ምክር ቦርጭ ሊያጠፋ ይችላል። በእርግዝና ተለጥጦ የተንጠለጠለ ቆዳን ግን አይመልስም። አንዳንዷ እናት ደግሞ የሆድ ጡንቻዎቿ ግራና ቀኝ ተለያይተው ይቀሩባታል፤ ከአልጋ ለመነሳት ቀና ስትል መሀል ሆዷ ብቅ ይላል። ሐኪሙ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ያወጣል፣ ጡንቻዎቹንም ሰፍቶ ያገናኛል። ይህን «ቅንጦት ነው» ብሎ መዝጋት ግፍ ነው። ሐሜት የፈራች ሴት ለማንም ሳትናገር ትሄድና የሚያስታምማት ታጣለች። አደጋው የሚቀንሰው በግልጽ ተማክራ፣ ተመርምራ ስትገባ ነው።

አይገባም

እህቴ፣ ሕመሟን አልክድም። አንቺ ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለውን ዘለልሽው። ስፌቱ ከዳሌ እስከ ዳሌ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎንበስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ስትተኛም በጀርባዋ፣ ጉልበቷ ሥር ትራስ አድርጋ ነው። ብዙ ጊዜ ከቆዳዋ ሥር ቱቦ ይገባል። ቀላ ያለው ፈሳሽ ጫፉ ላይ ወዳለችው የፕላስቲክ ኳስ ይወርዳል፤ በየዕለቱ ይደፋል፣ ይለካል፣ ይመዘገባል። ከባድ ነገር ለ6 ሳምንት ያህል ማንሳት ክልክል ነው። የሁለት ዓመት ልጇ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ ማን ያንሳው?

ይህ እንግዲህ ሁሉም ደህና ሲሄድ ነው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሊጠራቀም፣ በተለይ በምታጨስ ሴት ላይ የስፌቱ ጠርዝ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባ ላይ መድረሱ ነው። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የውበት ቀዶ ጥገና ካደረጉ በኋላ 93 አሜሪካውያን ሞተዋል። ዋጋው ረከሰ ብለው ኢስታንቡል ለሚሄዱት የዲያስፖራ እህቶቻችንም እፈራለሁ። ስፌቱ ሳይጠግግ አውሮፕላን ላይ ለሰዓታት መቀመጥ ደም እንዲረጋ ያግዛል።

ይገባል

ሞቶቹ ያሳዝኑኛል። የሚያስተምሩኝ ግን «የት? በማን እጅ?» ብዬ እንድጠይቅ ነው። ገና ልትወልድ ያሰበች ትቆይ፤ የምታጨስ ከሳምንታት በፊት ታቁም፤ ሐኪሟ ከፈቀደላት ቀን ጀምሮ ቀስ እያለች ትራመድ። አንድ እግሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።

አይገባም

ሌሊቱ የሚመጣባት ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ሳለች ቢሆንስ? ሐኪሟ ለክትትል አጠገቧ ካልሆነ፣ ቤት ውስጥም ልጁን የሚያነሳላት ከሌለ፣ እኔ «ይቅርብሽ» እላታለሁ።