«ስንት አተረፈ?» ብቻ አይበቃም፤ በስንት ብር?

የቦንጋና የደካ ቡና ነጋዴ ሒሳብ አስተማሪ አያሻውም። ከጥቅምት እስከ ጥር እሸቱን ገዝቶ፣ አድርቆ፣ ጀንፈሉን መጋዘን ሲያስገባ ገንዘቡ ስንት ወር እንደሚታሰር፣ ስንቱ የራሱ፣ ስንቱ የባንክ እንደሆነ በጣቱ ያሰላል። ይኸው ሰው ግን አክሲዮን ሻጭ ሱቁ ድረስ መጥቶ «ባለፈው ዓመት የ1,000 ብር አክሲዮን 300 ብር አተረፈ» ሲለው ወዲያው እስክሪብቶ ያነሳል። ለመሆኑ ያ ሁሉ ሒሳብ የት ሄደ?

ነገሩ ወዲህ ነው። 300 ብሩ የተሰላው በተከፈለው ካፒታል ነው። ባንኩ የሚሠራው ግን ከዚያ በበለጠ ገንዘብ ነው። ባንኮቻችን መጠባበቂያቸው ከተከፈለው ካፒታል ጋር እስኪስተካከል ድረስ ከየዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶውን በሕግ ተገደው ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ይህም የባለአክሲዮኑ ገንዘብ ነው፤ እጁ አልገባም እንጂ። እንበል፣ አንድ ባንክ 1 ቢሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ይዞ 300 ሚሊዮን አተረፈ። ማስታወቂያው 30 በመቶ ይላል። መጠባበቂያውና ያልተከፋፈለው ትርፍ ሌላ 1 ቢሊዮን ከሆነ ግን የተገኘው በ2 ቢሊዮን ላይ 15 በመቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የቆረጠው የፖሊሲ ወለድ ራሱ 15 በመቶ ነበር!

አሜሪካዊው ዋረን ባፌት ስለ እ.ኤ.አ. 1979 የሥራ ዓመት ለባለአክሲዮኖቹ በጻፈው ደብዳቤ ሥራ አስኪያጅ መመዘን ያለበት በአንድ አክሲዮን ትርፍ ማደግ ሳይሆን በካፒታሉ ላይ ባገኘው ትርፍ ነው ብሏል። ትርፍ ሳይከፋፈል ሲቀር ካፒታል ይሆናል፤ ካፒታል ሲጨምር ደግሞ ሰነፍም ቢሆን ትንሽ ጨምሮ ያተርፋል። በእኛም አገር ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ሲያዝ ሁሉም አክሲዮን ለመሸጥ ተሯሯጠ። ካፒታሉ ሦስት እጥፍ ሆኖ ትርፉ እጥፍ ቢሆን ምኑ ነው የሚያስጨበጭበው?

የአንድ ዓመት ሒሳብም አያስተማምንም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን የውጭ ምንዛሪ ይዞ የነበረ ሁሉ በአንድ ሌሊት አትራፊ ሆነ። በየዓመቱ የሚደገም ሲሳይ አይደለም።

ቡና ላኪ ኩባንያ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይለያል። በ2 ሚሊዮን የራሱና በ8 ሚሊዮን የብድር ብር ነግዶ ወለድ ከፍሎ 600,000 ብር ቢተርፈው በራሱ ገንዘብ ላይ 30 በመቶ ነው፤ ያስቀናል። ወለዱን ሳይቀንሱ ትርፉን ለ10 ሚሊዮኑ ያካፍሉት። የሚገኘው ባንኩ ከሚጠይቀው ወለድ እምብዛም ካልበለጠ፣ የቡና ዋጋ አንድ ዓመት ሲወርድ ያ 2 ሚሊዮን ይጠፋል።

ዋጋውም አለ። ከጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወጋገን ባንክ ቀዳሚ ሆኖ የተመዘገበበት የአክሲዮን ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል። ከእንግዲህ የሚገዙት በ1,000 ብሩ ዋጋ ላይሆን ይችላል። ከላይ ባነሳነው ባንክ የአንዱ አክሲዮን ድርሻ ከነመጠባበቂያው 2,000 ብር ነው። በ3,000 ብር ከገዙት ያ 15 በመቶ ለእርስዎ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ሻጩን የአምስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ አምጣ ይበሉት፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።