በድምፅ የቀረበ ጥያቄና በድምፅ የተቀረጸ መልስ

ማንበብ ለማይችል ዜጋ ጠቃሚ መረጃ ማለት በጆሮ የሚሰማ መረጃ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር የተዘረጋው በዚሁ እሳቤ ነው። ደዋዩ የስልኩን ቁልፎች በመጫን ቋንቋውንና የሚፈልገውን የሰብል ምክር ይመርጣል፤ አስቀድሞ የተቀረጸውንም ማብራሪያ በነጻ ያዳምጣል። ለዚህም ተራ የእጅ ስልክ ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ ቁልፍ በመጫን የሚመረጠው ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። በስንዴው ቅጠል ላይ የዋግ ምልክት ያየ አርሶ አደር የበሽታውን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ያየውን በራሱ አነጋገር ቢናገርና ተገቢው ማብራሪያ ቢቀርብለት ግን ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። በሽታው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

አማርኛን በድምፅ መለየት የሚችል ቴክኖሎጂ አለ። ጉግል በ2009 ዓ.ም. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች መካከል አካቷል። ችግሩ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። ጆሮ ልዩነቱን ወዲያው ይለያል፤ ንግግሩ ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ ፍለጋው በፊደል ሲካሄድ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ከዚህ የከፋው የቁጥር ስሕተት ነው፦ «ሰባት ኪሎ» እና «ሰባ ኪሎ» በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በማዳበሪያ መጠን ላይ ግን ልዩነታቸው አሥር እጥፍ ነው። የሰዓት አቆጣጠርም ሌላው ፈተና ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተባለ ቀጠሮ በውጭው አቆጣጠር ከተተረጎመ ባለጉዳዩ በሌሊት ይጠራል!

በመሆኑም ለጊዜው አስተማማኙ መንገድ ሁለቱን አሠራሮች ማጣመር ነው። የተናጋሪው ድምፅ ለፍለጋው ብቻ ይውላል፤ መልሱ ግን መሣሪያው በራሱ የሚያቀናብረው ሳይሆን ባለሙያ አረጋግጦ ያስቀረጸው ይሆናል። መሣሪያው የተረዳውን ርዕስ አስቀድሞ ለደዋዩ ቢያሰማና ማረጋገጫ ቢጠይቅ፣ የተሳሳተ ፍለጋ ወደ ተሳሳተ ምክር ከማምራቱ በፊት ይታረማል። ጥያቄው ለሁለተኛ ጊዜ ካልተለየም መስመሩ ወደ ባለሙያ መተላለፍ ይኖርበታል። የኬሚካል ወይም የማዳበሪያ መጠን የሰማ አርሶ አደርም መጠኑን ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ሳያመሳክር ወደ ማሳው ባይገባ ይመረጣል።