የበርበሬ ወሬ ስንት ያወጣል?

የዘንድሮ ተመራቂዎች በየመኝታ ቤቱ የሚነጋገሩትን ያዳመጠ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ይሰማል። አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ውጭ አገር መውጫ መንገድ ነው። በተለይ እኛ የአርት ፋኩልቲ ልጆች «የተማራችሁት ነገር ገበያ የለውም» እየተባልን ስለ ኖርን ነገሩን ራሳችንም አምነን ተቀብለነዋል። እኔ ግን ብዙ አንብቦ፣ ፍሬውን ከገለባው ለይቶ፣ አሳጥሮ መጻፍ የሚችል ሰው ገበያ አለው ባይ ነኝ። ገበያውም ሩቅ አይደለም፤ ቆሼ ነው።

ቆሼ ስል አንባቢ እንዳይሳሳት። ጋዜጦቻችን ቆሼ ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት አዲስ አበባ ያለውን የቆሻሻ ክምር ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን የፈጀውን ማለት ነው። እኔ የምለው ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የማረቆ ከተማ ነው። ስሟ ሲጠራ ሌላ ነገር የሚታሰብባት ይህች ከተማ በበርበሬዋ ግን የታወቀች ናት። የአዲስ አበባ እመቤት በርበሬ ስትገዛ «ማረቆ ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ የግብርና ተመራማሪዎችም ካወጧቸው ዝርያዎች አንዱን «ማረቆ ፋና» ብለውታል።

እንግዲህ በርበሬውን የሚያውቅ ይህን ያህል ሰው ካለ፣ ባለፈው ሳምንት ቆሼ ላይ ኩንታሉ ስንት እንደ ዋለ፣ ያው ኩንታል መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሲደርስ ስንት እንዳወጣ የሚያውቀው ማን ነው? ደላላው ነው። ደላላው በጠዋት ተነሥቶ ቡታጅራ ይደውላል፣ ቁሊቶ ይደውላል፣ መርካቶ ይደውላል፤ ከዚያ በኋላ ገበያ ይወጣል። ገበሬው የሚያውቀው የራሱን ጆንያና የጎረቤቱን ጆንያ ነው። ለማዳበሪያ የተበደረው ዕዳ ስላለበት፣ የልጆቹም የትምህርት ቤት ወጪ ስለሚያስጨንቀው፣ በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ ያወጣዋል። ያን ጊዜ «እርጥብ ነው» ተብሎ ዋጋው ይቆረጣል። እርጥብነቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ሻጋታ ያበቅላል፣ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይመጣል። ነገር ግን ለእርጥቡ ስንት መቆረጥ እንዳለበት ገበሬው ከማን ይጠይቅ? ከዚያው ከቆራጩ!

እኔ የማስበው ሥራ እንዲህ ያለ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በኢሜይል የሚላክ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይኑር። በእርሱም ላይ የቆሼ፣ የቡታጅራ፣ የቁሊቶና የመርካቶ የበርበሬ ዋጋ ይጻፍ፤ ዋጋው ብቻ ሳይሆን የምን ዓይነት በርበሬ ዋጋ እንደ ሆነ፣ ደረቁና እርጥቡ፣ ጥቁር ቀዩና የደበዘዘው፣ ዛላው ሙሉ የሆነውና የተሰባበረው ተለይቶ ይጻፍ። የዝናቡ ሁኔታ፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ ችግኝ የተከለው ሰው ብዛት፣ የመንግሥት አዲስ መመሪያ ካለም እርሱ በሦስት መስመር ይጨመር። ከዚህ ያለፈ ነገር አይጻፍ። ፖለቲካና የኳስ ወሬ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ሞልቶለታል።

«ማን ይከፍልበታል?» የሚለኝ አይጠፋም። በአገራችን ሰው እንዲህ ላለው ነገር መክፈል ከጀመረ ቆይቷል። ቱመርካቶ የሚባለው ድርጅት በየጋዜጣው የሚወጣውን ጨረታ እየለቀመ፣ በየዘርፉ እየለየ ለከፋይ ደንበኞቹ በኢሜይል ይልካል። ጨረታው እኮ ምሥጢር አይደለም፤ አዲስ ዘመንን ወይም ሪፖርተርን የገዛ ሁሉ ያገኘዋል። ደንበኛው የሚከፍለው ሃያ ገጽ እያገላበጠ የሚያጠፋውን ሰዓት ለማዳን ነው። ዋጋ ያለው መለየቱ ነው ማለት ነው።

ወሬን እየለየ ለጥቂት ሰው መሸጥ አዲስ ፈሊጥም አይደለም። የቬኒስ ነጋዴዎች በ16ኛው መቶ ዓመት በእጅ ለተጻፈ የዜና ወረቀት ይከፍሉ ነበር። ዛሬ ስሙ ዓለምን የሞላው ሮይተርም እ.ኤ.አ. በ1850 ሥራውን ሲሠራ የነበረው በአኸንና በብራሰልስ መካከል የአክሲዮን ዋጋ የሚያደርሱ ርግቦች ይዞ ነው። ከእኛም አገር ብንወስድ፣ አንድርያስ ካቫድያ የተባለው ግሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ የጀመረው፣ ዳግማዊ ምኒልክም «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ሃያ አራት! ይህ የእኛ ተባዝቶ የሚወጣ መጽሔት እንኳ ከዚያ ይበልጣል። የአንባቢው ቁጥር ማነሱ አያሳፍርም፤ ቁም ነገሩ የሚያነበው ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህኛው ደብዳቤ የሚከፍሉት በርበሬ በረንዳ ያሉ ነጋዴዎች፣ ምጥን በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ የባልትና ቤቶች፣ ለሆቴልና ለዩኒቨርስቲ ምግብ ቤት የሚያቀርቡ ሰዎች፣ ዋሽንግተንና ሌላም ከተማ ሱቅ ከፍተው ለአገራቸው ልጆች በርበሬ የሚሸጡ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እስቲ ሁለት መቶ ሰው በወር 150 ብር ይክፈል እንበል፤ 30,000 ብር ይሆናል። በየገበያው ዋጋ ለሚያጣሩ ሦስት ልጆች ለእያንዳንዳቸው 4,000 ብር ቢሰጥ፣ ለስልክና ለኢንተርኔት 2,000 ብር ቢወጣ፣ 16,000 ብር ይተርፋል። ግብር ከዚህ ላይ ይነሣል፤ ሁለት መቶውን ሰው ለማግኘትም ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከማየት ይሻላል።

ስለ ክፍያው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በውጭ አገር እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በተመሠረተው ሰብስታክ ይጠቀማሉ፤ ድርጅቱም ከገቢያቸው ከመቶ 10 ይወስዳል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚያልፈው በስትራይፕ በኩል ስለ ሆነና ስትራይፕ ኢትዮጵያ ላለ ሰው ሒሳብ ስለማይከፍት፣ ያ በር ለእኛ ዝግ ነው። ለአገር ውስጥ ደንበኛ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ ለጊዜው ይበቃል። ዕቁብ ለመጣል ቀን የማይስት ነጋዴ 150 ብር በወሩ ለመላክ አይቸገርም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስለ ምዝገባ የሚለውን አንብቦ፣ ፈቃድ አውጥቶ መጀመር ደግሞ ኋላ ከመሯሯጥ ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ «አንተ እኮ የምትለው ለነጋዴው ሁለተኛ ዐይን መግጠም ነው፤ ገበሬው ግን ዕውር እንደ ሆነ ይቀራል» አለኝ። ይህ አነጋገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ከፋዩ ነጋዴ ከሆነ፣ ኢሜይልም የሚከፍተው እርሱ ከሆነ፣ በማረቆ ማሳ ላይ ወገቡ የጎበጠው ሰው ከደብዳቤው የሚያገኘው ቀድሞ ከሚያውቀው ደላላ ይልቅ የበለጠ የሚያውቅ ደላላ ነው። በእኛ ዕውቀት፣ በገበሬው ግብር በተማርነው ትምህርት፣ ገበሬውን መልሰን ልናስበላው ነው ማለት ነው።

ወሬ ለሁሉም ሲደርስ የሚሆነውን ግን ከሕንድ አገር መማር ይቻላል። በኬረላ ጠረፍ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የእጅ ስልክ ሲገባ ዓሣ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ የትኛው ወደብ ገዢ እንዳለው መጠየቅ ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጁ ትርፍ በመቶ 8 ከፍ ሲል የገዢው ዋጋ በመቶ 4 ዝቅ አለ። በእኛ አገር ግን ስልክ ብቻውን ይህን አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ስልክ የያዘው የኢትዮጵያ ገበሬ ብዙ ሆኖ ሳለ በስልኩ ወሬ የሚያፈላልግበት ግን ጥቂት ነው፤ ምናልባትም በስልኩ የሚያገኘው የሚጠቅም ወሬ ስለሌለ ነው። ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ 8028 ደውሎ በነፃ ምክር ማግኘት ተችሏል። ስለ ማረቆ በርበሬ የዛሬ ዋጋ ግን ማን ዘንድ ይደወላል?

ስለዚህ የእኔ አሳብ ዋጋው ራሱ አይሸጥ ነው። የአራቱ ገበያ ዋጋ ደብዳቤው በሚላክበት ሰዓት በትልቅ ፊደል ተጽፎ ቆሼ ገበያ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በማረቆኛና በአማርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ለከፋዩ የሚሸጠው የቀረው ነው፤ የጥራቱ ዝርዝር፣ የምርቱ ግምት፣ የመንገዱ ወሬ፣ የመመሪያው ትርጓሜ። ባልትና ቤቷ የምትፈልገውም ይህን ነው፤ የገበሬውን አለማወቅ አይደለም። ዋጋው እንደ ተለጠፈ ሲሰሙ ክፍያቸውን የሚያቆሙ ደንበኞች ይኖራሉ። ይቁሙ። እነዚያ ሊገዙ የመጡት ደብዳቤውን ሳይሆን የጆንያውን ባለቤት አለማወቅ ነበር። እነርሱ ሲወጡ ሂሳቡ ከሁለት መቶ ወደ መቶ ሠላሳ ቢወርድ የሚተርፈው 5,500 ብር ነው፤ ለአዘጋጁ ኑሮ ባይሆንም ወጪውን ሸፍኖ ሥራውን አያቆመውም። ከደላላ ማስታወቂያ መቀበልም አይገባም፤ ዛሬ ማስታወቂያ የከፈለ ሰው ነገ ዋጋውን «ትንሽ ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ» ማለቱ አይቀርም።

ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚደምቅ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከዚያ በፊት መውጣት አለበት። ማረቆኛ የሚናገሩ፣ ከቡታጅራና ከቁሊቶ የመጡ፣ ስታትስቲክስ የሚያጠኑ ተማሪዎች በዚህ መጽሔት አዘጋጆች በኩል ስማቸውን ቢሰጡ እንሰባሰባለን። ለማኅበሩ ኮሚቴም አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ መጽሔት የሚባዛበት መኪና ከእትም እስከ እትም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ገበያ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ለማባዛት በሳምንት አንድ ማታ ይፈቀድልን ይሆን? ወረቀቱንና ቀለሙን እኛ እናመጣለን።