አንዲት ወፍና ያፈነገጠች ነጥብ

በሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል ፍራፍሬን፣ በተለይም የተቀጽላን ፍሬ፣ እየለቀሙ የሚኖሩ ከ20 ግራም በታች የሚመዝኑ ወፎች አሉ። ድምፃቸው አንጥረኛ መዶሻውን ደጋግሞ እንደሚያሳርፍ ያለ በመሆኑ፣ የእንግሊዝኛ መጠሪያቸው ከቀጥቃጭ ሙያ የተወሰደ ነው። ፖጎኒዩለስ ከተባለው ከዚህ ጂነስ ግንባረ ቀዩና ግንባረ ቢጫው በአገራችንም ይገኛሉ።

ለሳይንስ እንቆቅልሽ የሆነችው ግን የሰሜን ምዕራብ ዛምቢያዋ ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1964 ጃሊ ማካዋ የተባሉ የናሙና ሰብሳቢ ማያው ከተባለ ስፍራ አጠገብ አንዲት ወፍ አገኙ። ከቅርብ ዘመዷ ከወገበ ቢጫዋ በተለየ አገጯ ጥቁር ነበር፤ ከዓይኗ በላይም ነጭ መስመር አልነበራትም። ቤንሰንና ኧርዊን የተባሉ የአዕዋፍ ተመራማሪዎች በ1965 አዲስ ዝርያ ናት በማለት በሰብሳቢው ስም ፖጎኒዩለስ ማካዋይ ብለው ሰየሟት። ከዚያ ወዲህ ብትፈለግም ሁለተኛ አልተገኘችም።

እንግዲህ በአንዲት ናሙና ምን ያህል እንመን? ጥያቄው ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች እንግዳ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1982 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የብላስ ካብሬራ መሣሪያ፣ ነጠላ የማግኔት ዋልታ ሲያልፍ ይፈጥረዋል ተብሎ የሚጠበቀውን ምልክት አንድ ጊዜ ብቻ መዘገበ። ምልክቱ ስላልተደገመ እንደ ግኝት አልጸደቀም፤ ነገር ግን ከመዝገብ አልተፋቀም።

ወፊቱ ከዚህ ምልክት የምትሻልበት ነገር አለ፤ አካሏ በእንግሊዝ አገር፣ ትሪንግ ከተማ፣ በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። በስፋት ያገለገለው የሳንገር የዲ.ኤን.ኤ. ማንበቢያ ዘዴ የታተመው በ1977፣ ማለትም ወፊቱ ከተገኘች ከ13 ዓመት በኋላ ነበር። በ2018 የታተመ ጥናት ከዚያው ናሙና የተወሰደውን ዲ.ኤን.ኤ. መርምሮ ከወገበ ቢጫዎቹ መካከል መደባት። ውጤቱም ራሷን የቻለች ዝርያ ናት የሚለውን አሳብ በእጅጉ አዳከመው።

ታዲያ የግማሽ ምዕት ዓመቱ ጥበቃ ከንቱ ነበርን? እኛ እንዲያ አንልም። በ1965 የቀረበው አሳብ ሊፈተን የቻለው ናሙናዋ ስላልተጣለች ነው።

በቤተ ሙከራዎቻችን ግን ከግራፉ መስመር ያፈነገጠች ነጥብ ብዙ ጊዜ በላጲስ ትጠፋለች፤ ሪፖርቱም ያምራል። ለዚህ ተማሪው ብቻ አይወቀስም። ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ለተስማማ ውጤት ብቻ ማርክ የሚሰጥ መምህር ማጥፋትን ያስተምራል። ስለዚህ ያፈነገጠችው ነጥብ ከቀኗ፣ ከመሣሪያዋና ከሁኔታዋ ጋር ትጻፍ፤ ልኬቱም ይደገም፤ እኛም መምህራን ለዚህ ትጋት ማርክ እንስጥ። ነጥቢቱ በመጨረሻ ስሕተት ሆና ልትገኝ ትችላለች። ስሕተት መሆኗን የሚያረጋግጠው ግን ተጽፋ ያገኛት ሰው ብቻ ነው።