ለታመመ ዓሣ ከመድኃኒት በፊት ውኃው ይታይ

ላሙ የታመመችበት አርሶ አደር የት እንደሚሄድ ያውቃል። በኩሬ የሚያረባው ቆሮሶ ሲታመምበት ግን የሚያማክረው ባለሙያ በቅርብ ላያገኝ ይችላል። ለሰው የተዘጋጀ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ኩሬው ውስጥ መበተን የሚታሰበውም ያኔ ነው። ይህ ሊቆም ይገባል።

ዓሣዎች ንጋት ላይ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ከታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የኦክስጅን እጥረት ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቂቅ እፅዋት ቀን ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ሌሊት ግን ራሳቸው ይጠቀሙታል። በመሆኑም ጎህ ሲቀድ ኦክስጅኑ እጅግ ያንሳል፤ ፍግና መኖ በበዛበት ኩሬ ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ፍግና መኖ መስጠት አቁሞ ንጹሕ ውኃ ማስገባት ነው። የመድኃኒት ቤት ወጪ የለበትም።

የደጋው ችግር ሌላ ነው። ቆሮሶ ሞቃት ውኃ ይወዳል፤ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ አመጋገቡ ይቀንሳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይዳከማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት በመረብ ተይዞ ቆዳው የተላጠ ዓሣ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል። ሻጋታን አንቲባዮቲክ አያድነውም። ይልቁንም መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበራከቱ ያደርጋል፤ ቅሪቱም ከዓሣው ጋር ገበታ ላይ ሊደርስ ይችላል። የታመሙት ጥቂት ከሆኑ የወጥ ቤት ጨው ይረዳል። በ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ጨው አሟሙቶ ዓሣውን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ በጎኑ ከተጋደመ ግን ወዲያው ማውጣት ያስፈልጋል። ጨውን በቀጥታ ኩሬው ውስጥ መድፋት አይመከርም፤ ውኃው ለመስኖ የሚውል ከሆነ ማሳውን ይጎዳል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የተቆፈሩ ኩሬዎችንና የተሰራጩ የዓሣ ጫጩቶችን ቆጥረው ሪፖርት ማድረግ ብቻውን አይበቃቸውም፤ ስንቱ ዓሣ በሕይወት እንዳለም ሊጠይቁ ይገባል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የዓሣውን ስንጥብ ገልጦ ማየትን፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የውኃ ሙቀት መለካትን የሥራው አካል ማድረግ አለበት። ለዚህ አንድ ቴርሞሜትርና አጭር ሥልጠና ይበቃል። ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚዘዋወር መረብም በየመካከሉ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ ይኖርበታል።

ከወረዳው አቅም በላይ ለሆነው ባሕር ዳር ላይ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ለምርመራ የሚላከው ዓሣ ግን በሕይወት ያለ፣ ካልሆነም ገና የሞተና በበረዶ የተያዘ ሊሆን ይገባል፤ አድሮ ከሸተተ ዓሣ የበሽታውን ምክንያት ማወቅ አስቸጋሪ ነው።