ለአገር ቤት የሚገዛው ራዲዮ የትኛው ነው?

የክረምቱ ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር በየመኝታ ቤታችን የሚነሣ አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለቤተ ሰብ ምን ይዤ ልሂድ?» የሚለው ነው። አንዱ ለአባቱ ሹራብ፣ ሌላው ለእናቱ ጫማ ያስባል። እኔ በበኩሌ፣ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ተማሪ ሁሉ፣ ይልቁንም ወላጆቹ ከዋናው መንገድ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ፣ አጭር ሞገድ የሚቀበል ራዲዮ ገዝቶ ቢሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን በዛሬው ገበያ «ራዲዮ» እየተባሉ ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ለዚህ ጉዳይ የማይረቡት ስለሚበዙ፣ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ስለ ራዲዮ አስፈላጊነት ለመስበክ ሳይሆን በተለይ ስለ አመራረጡ የማስበውን ለመግለጽ ነው።

ይህን ሐሳብ ባነሣሁ ጊዜ የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉ። «በስልክ ዘመን ራዲዮ የሽማግሌ ጨዋታ ነው» ይላሉ። እነዚህ ጓደኞቼ የረሱት ነገር አለ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በየኪሱ የነበረው ስልክ ለወሬ መስሚያነት የሚያገለግለው እስከ ምን ድረስ ነበር? ስልክ ሲዘጋ ወሬ አብሮ አይዘጋም። በአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ በገበያተኛ፣ በጠላ ቤት እየተቀባበለ ሲሄድ ግን አንዱ ቁስለኛ ዐሥር ይሆናል፤ ዐሥሩም ይሞታሉ። በዚህ ከተማ ተቀምጦ የሚማር ልጅ ያላት እናት ይህን ስትሰማ የምታድረውን ሌሊት እናንተው አስቡት።

አጭር ሞገድ ከዚህ የሚለየው በመካከል በር ጠባቂ ስለሌለው ነው። ማሠራጫው በሩቅ አገር ሆኖ የሚልከው ሞገድ ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው የሰማይ ክፍል እየተንጸባረቀ ይመለሳልና ተራራውንም ሸለቆውንም ተሻግሮ ይደርሳል። የኤፍ.ኤም. ሞገድ ግን እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ አንድ ሸንተረር ከከለለው ወዲያ ማዶ አይሰማም። እንደ እኛ ባለ ባለ ገደል አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እርግጥ ነው፣ አጭር ሞገድም ቢሆን ከአፈና ነፃ ሆኖ አያውቅም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን ፈቃደኛ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። ሆኖም ሞገድ የሚያፍን ሰው ለየአንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ጩኸት መላክ አለበት። ጣቢያዎቹም አንዱን ዝግጅት በሁለትና በሦስት ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ የማስተላለፍ ልማድ አላቸው። አንዱ ሲታወክ ወደ ሌላው መዝለል የሚችለው ግን ቁጥሩን በትክክል የሚያሳይ ራዲዮ የያዘ ሰው ነው። ወደ አመራረጡ የምመጣውም በዚሁ በር ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ክርክር «ጣቢያዎቹ ራሳቸው እየተዘጉ ነው» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ አልክደውም። የጀርመን ድምፅ የኪጋሊውን ማሠራጫ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ዘግቷል። የአሜሪካ ድምፅም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በመንግሥቱ ትእዛዝ ሠራተኞቹ ከሥራ ሲገለሉ ሥርጭቱ ተቋርጧል። ነገር ግን ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ ከጓደኞቼ ድምዳሜ የተለየ ነው። የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ተወረሰበት እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ እዚሁ ከአዲስ አበባ ያሠራጭ በነበረበት ጊዜ ማንኛውም ተራ ራዲዮ ቢሆን በቂ ነበር። ማሠራጫው ሲርቅና ሲቀንስ ግን የሚደርሰው ድምፅ ይቀጥናል። ድምፅ በቀጠነ መጠን የመቀበያው ጥራት ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ መቀበያውን መጣል መፍትሔ አይሆንም። በአማርኛ የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1975 ዓ.ም.፣ ቢ.ቢ.ሲ. በ2010 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምሩ ሰሚ አላጡም። የሰሚው ራዲዮ ብቻ ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰበት ሄደ።

እየባሰበት ሄደ ስል ያለ ምክንያት አይደለም። በመርካቶ አንድ ሱቅ ገብታችሁ ራዲዮ ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ መብራትም፣ ፍላሽ መሰኪያም፣ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያም፣ ብሉቱዝም ያለው፣ ፊቱ እንደ ሠርግ ቤት የሚያብረቀርቅ ሣጥን ነው። ጎኑ ላይ «12 ባንድ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። አጎቴ ከእንዲህ ዓይነቱ አንዱን ገዝቶ ነበር። መዝሙር በፍላሽ ያጫውታል፣ ማታም ያበራል፤ በአጭር ሞገድ ግን ሁለት ጣቢያ ተደራርበው ከመንጫጫት በቀር አንድ ዜና እስከ መጨረሻው አሰምቶ አያውቅም። አጎቴ ጥፋቱን ያሳበበው በአየሩ ላይ ነበር።

የባንድ ብዛት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። 31 ሜትር የሚባለውን ባንድ እንውሰድ። ይህ ባንድ ከ9,400 እስከ 9,900 ኪሎ ኸርዝ ይደርሳል፤ ማለትም ስፋቱ 500 ኪሎ ኸርዝ ነው። ጣቢያዎች የሚቀመጡት በየ5 ኪሎ ኸርዙ ስለሆነ መቶ ያህል ቦታ አለ ማለት ነው። በመርፌ የሚሠራው ራዲዮ ይህን ሁሉ በአምስት ሳንቲ ሜትር መስመር ላይ ሲያሳይ፣ ለአንድ ጣቢያ የሚደርሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው! እጁ በእርፍ የጠነከረ ገበሬ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንዲያዞር መጠየቅ ነውር ይመስለኛል። ስለሆነም የመጀመሪያው መስፈርቴ ፍሪኩዌንሲውን በአኃዝ የሚያሳይ፣ በቁልፍም ተጭኖ የሚገባበት መሆኑ ነው። ይህ ከሌለው ሌላው ጌጥ ሁሉ አያስፈልግም።

በርካሽ የመርፌ ራዲዮዎች ላይ አንድ ሌላ በሽታም አለ። ብዙዎቹ የሚመጣውን ሞገድ ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ አንድ ጊዜ ብቻ ለውጠው የሚሠሩ በመሆናቸው በ9,600 ላይ ያለ ኃይለኛ ጣቢያ 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ በ8,690 ላይም እንደ ጥላ ብቅ ይላል። አድማጩ አዲስ ጣቢያ ያገኘ ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ የሚለውጡት የተሻሉ ሞዴሎች ይህን ጥላ በእጅጉ ይቀንሱታል።

ስም ጥቀስ ካላችሁኝ፣ ለዚህ ጉዳይ ሁለት የቻይና ሥሪቶች ይበቃሉ ባይ ነኝ። ቴክሰን ፒ.ኤል. 380 የሚባለው በሦስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚቀበለውን የሞገድ ስፋት ከ6 እስከ 1 ኪሎ ኸርዝ ድረስ በደረጃ የሚያጠብ ማጣሪያ አለው። ከጎን የሚገባ ጩኸት ሲያስቸግር ማጣሪያውን ማጥበብ ብዙ ያግዛል፤ ጩኸቱ በራሱ በጣቢያው ላይ ከተጫነ ግን ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ከመዝለል በቀር መፍትሔ የለውም። ታናሽ ወንድሙ የሚመስለው፣ በዕድሜ ግን አዲስ የሆነው ፒ.ኤል. 330 ደግሞ የሚሠራው በድሮው ኖኪያ ስልክ ባትሪ፣ በቢ.ኤል. 5ሲ ነው። ይህን ባትሪ የማያውቅ የገጠር ሱቅ ያለ አይመስለኝም። ኤስ.ኤስ.ቢ. የሚባል የመርከበኞችንና የአማተሮችን ንግግር የሚያሰማ ክፍልም አለው፤ ነጋዴው ስለዚህ ክፍል ብዙ ቢያወራም ዜና ለሚሰማ ቤተ ሰብ ጥቅሙ ጥቂት ስለሆነ ለእርሱ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። እኔ የትኛውን እንደምመርጥ ብጠየቅ መብራት ለሌለበት ቤት ባለ ድንጋዩን እመርጣለሁ። ባትሪ ለማስሞላት ሁለት ሰዓት መንገድ የሚሄድ ሰው ራዲዮውን ከመክፈቱ በፊት ደጋግሞ ያስባል፤ ድንጋይ ግን ከጨው ጋር ተገዝቶ ይመጣል። በአረብ አገር ዘመድ ያላችሁም አሮጌ ግን ደኅና የሆነ የጃፓን ሥሪት እንዲልክላችሁ ብትጠይቁ አትጎዱም።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ ተጠንቀቁ። እኩለ ቀን ላይ በፎቅ ሥር ሆናችሁ 49 ሜትርን ብትከፍቱ ምርጡም ራዲዮ ቢሆን የሚያሰማችሁ ፉጨት ብቻ ነው፤ በዚህም ደኅናውን ዕቃ ጥላችሁ ትወጣላችሁ። ቀን ቀን የሚሠሩት ከፍ ያሉት፣ ማለትም 19 እና 16 ሜትር ናቸው፤ ሲመሽ 31፣ 41 እና 49 ይከፈታሉ። (300,000ን በኪሎ ኸርዙ ብታካፍሉ ሜትሩን ታገኛላችሁ።) ስለዚህ ወደ ደጃፍ ውጡ፣ አንቴናውን ዘርጉ፣ ከ15,100 እስከ 15,800 ባለው መካከል ፈልጉ።

ከራዲዮው ዋጋ ላይ ለሽቦ የሚሆን ማስቀረት ደግሞ ግዴታ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድን ስለሚመልስ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ራዲዮ ግማሽ ደንቆሮ ነው። ከስድስት እስከ ዐሥር ሜትር የሚሆን ቀጭን የመዳብ ሽቦ በመስኮት አውጥቶ ከዛፍ ጋር ማሰርና ጫፉን ከራዲዮው አንቴና ጋር ማገናኘት የድምፁን ነገር ይለውጠዋል። ከዚህ በላይ ማስረዘም ትንንሾቹን ራዲዮዎች ያጠግባቸውና ጣቢያዎቹን ያደበላልቃል። ዝናብ ሲያጉረመርም ሽቦውን ነቅሎ ወደ ውጭ መጣል ያስፈልጋል፤ በክረምት መብረቅ ቀልድ የለም። እዚህ ላይ የገጠሩ ቤት ከከተማው የሚሻልበት ነገር አለ። በከተማ የስልክ ቻርጀሩ፣ ርካሹ አምፖልና ቴሌቪዥኑ ሁሉ በአጭር ሞገድ ላይ ይጮኻሉ። መብራት ባልገባበት መንደር ግን አየሩ ጸጥ ያለ ነው።

የቀረው ጉዳይ ከዕቃው ይልቅ የሰው ጉዳይ ነው። ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲያቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት አጋማሽ አለፍ ሲል፣ ይለውጣሉ። በሰኔ ገዝተን፣ ጣቢያውን በቁልፍ አስይዘን፣ «ይህን ብቻ ተጫኑ» ብለን ትተነው የምንመጣው ራዲዮ በጥቅምት ዝም ይላል። እኛ በዚያን ጊዜ እዚህ ክፍል ውስጥ ነን። አባቶቻችንም ራዲዮው ተበላሸ ብለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ስለዚህ ከቤቱ ልጆች አንዱን፣ ለምሳሌ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችውን እኅት፣ ቁጥር አስገብታ መፈለግን ማስተማር ይገባል። ጣቢያዎች ሰዓታቸውን የሚናገሩት በግሪንዊች ስለሆነም ከዚያ ላይ ሦስት መቀነስ እንዲበቃ ንገሯት፤ 4 ሰዓት ሲሉ በእኛ ጧት 1 ሰዓት ነው፤ 16 ሰዓት ሲሉ 13 ይሆናል፣ ከዐሥራ ሁለት የተረፈው አንድ ነውና ማታ 1 ሰዓት ነው። ይህን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፎ ከራዲዮው ጀርባ መለጠፍ ከአምራቹ መመሪያ ይልቅ ይጠቅማል።

ለፊዚክስ መምህራኖቻችንና ለማኅበራችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈተናው ካለቀ በኋላ አውቶቡስ ከመሳፈራችን በፊት ባለው ሳምንት፣ ላቦራቶሪው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ክፍት ቢሆንልን፣ ተማሪው የገዛውን ራዲዮ አምጥቶ በምልክት ማመንጫው ሊፈትሸው፣ ሽቦም ቆርጦ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ላይ ጉድለቱ የታየበት ዕቃ ለሻጩ የሚመለሰው አገር ቤት ሳይደርስ ነው።