በረሮ ማጥፋት ይቻላል፣ መርዝ መተንፈስ ግን ስራችን አይደለም

በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ ሃሎዊን በሚከበርባቸው የዱባይና የቤይሩት ቤቶች ልጆች የፕላስቲክ ሸረሪት ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ለጨዋታ ነው። እኛ የቤት ሰራተኞች ግን የምናውቀው እውነተኛውን ነው፦ ማታ የወጥ ቤት መብራት ስናበራ የሚበታተነውን በረሮ፣ ፍራሻችን ስፌት ውስጥ የተደበቀውን ትኋን። እኔ ግን ከሁለቱም በላይ የምፈራው እነሱን ለመግደል ተብሎ ቤት ውስጥ የሚረጨውንና የሚቀመጠውን መርዝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወቀሳው እናውራ። በረሮ ሲታይ "አታጸጂም"፣ ትኋን ሲገኝ "ከአገርሽ ያመጣሽው ነው" የተባለች እህት ብዙ ናት። ትኋን ግን ከቆሻሻ አይፈጠርም። በሻንጣ፣ በአሮጌ ሶፋና ፍራሽ፣ ከሆቴል በሚመለስ ልብስ ይገባል። ደም ሳያገኝ ለወራት መቆየት ስለሚችል ባዶ ክፍል ውስጥም ይጠብቃል። ትልቁ በረሮ በፍሳሽ ቱቦ ይወጣል፤ ትንሹ ከሱቅ በሚመጣ ካርቶን ይገባል። የትንሹ ሴት በአንድ የእንቁላል ከረጢት ብቻ ከ30 እስከ 40 እንቁላል ትይዛለች። በረሮ ጭንቅላቱ ቢቆረጥ እንኳ ለቀናት ይኖራል! ይሄን ሁሉ ባንቺ መጥረጊያ ላይ ብቻ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህ ማለት ግን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት አይደለም። በረሮ ያለ ምግብ ለሳምንታት ይቆያል፤ ያለ ውሃ ግን ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ማታ የእቃ ማጠቢያውን ጠርገሽ አድርቂው፤ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል የፍሳሽ ቀዳዳ ክደኚው፤ ካርቶን ቤት ውስጥ አታቆዪ፤ ቆሻሻውን ማታውኑ አውጪ። አይጥ እርሳስ በምታህል ቀዳዳ ሾልኮ ስለሚገባ፣ ያየሽውን ክፍተት ለማዳም አሳያትና ይደፈን። ትኋን ካለ አንሶላና ልብስሽን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ እጠቢ። ለበረሮ ከሚረጭ መርዝ ይልቅ በየጥጉ ጠብ የሚደረገው ጄል ይሻላል፤ አየሩን አይበክልም። ብቻ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን።

የእኛ ስራ እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ስራ ነው ባይ ነኝ።

ለምን? ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ደባልቆ ቱቦ ውስጥ መድፋት በረሮ የሚገድል የሚመስላቸው አሉ። ድብልቁ ክሎሪን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ማንም ቢያዝሽ አትደባልቂ።

ሁለተኛው ይብሳል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባል ክኒን አለ፤ ለእህል መጋዘን የተሰራ ነው። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አንዳንዴ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ በሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ሳይሸት ይገድላል። በግድግዳ ስንጥቅና በአየር ማስተላለፊያ ከጎረቤት ቤት ሊሻገር ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ተራ የፊት ማስክም አያስጥልም።

አሁን አስቢው፦ ቤተሰቡ "ቤቱ ይረጫል" ብሎ ዘመድ ቤት ሲሄድ፣ "አንቺ ቤት ጠብቂ" የምትባለው ማን ናት? ብዙዎቻችን የምንተኛውስ ወጥ ቤት አጠገብ፣ መስኮት በሌለው እቃ ቤት አይደል? ለባለቤቶቹ ልጆች አደገኛ የሆነ አየር ለእኛ ደህና ሊሆን አይችልም። ሳንባ የአሰሪና የሰራተኛ የለውም።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ2011 የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሰራተኛ ጤናማና አደጋ የሌለበት የሥራ ቦታ የማግኘት መብት እንዳላት ይናገራል። የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68 ደግሞ ጤናዋን የሚጎዳ አደገኛ ስራ እንዳትታዘዝ ይከለክላል። ወረቀት ላይ ያለ ሁሉ ቤት ውስጥ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ግን መብት መሆኑን ማወቅ ልመናን ወደ ጥያቄ ይለውጣል።

ስለዚህ በጊዜ፣ በእርጋታ ተናገሪ፦ "ማዳም፣ ሃዳ ሰም። ላዚም ሸሪካ።" መርዝ ነው፣ ድርጅት ይጠራ ማለት ነው። ስለ አንቺ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቹም አንሺ፤ ብዙ ጊዜ ጆሮ የሚከፍተው እሱ ነው። የመርዙን እቃ ፎቶ አንሺና ለምታምኛት ሰው ላኪ። ቤቱ ሲረጭ አብረሻቸው ለመውጣት ጠይቂ።

ከተረጨ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣብሽ "ያልፋል" ብለሽ አትተኚ። ወደ ንጹህ አየር ውጪና ደውዪ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ሊባኖስ 140፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባህሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911። ለሐኪሙ የመርዙን ፎቶ አሳዪ።

በረሮው ነገ ቢታይ ስድብ ይመጣ ይሆናል። ስድብ ያልፋል። የተቃጠለ ሳንባ ግን ይዘሽው አገር ትገቢያለሽ፤ ያውም ከተረፍሽ።